ከካህኑ በስተቀኝ

የካቲት 12 ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር፣ የሚካኤል ማኅበርተኞች በተሰበሰቡበት ሳሎን አንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ ዘግየት ብላ ገባች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የካህኑን መስቀል ተሳለመች፣ ዙሪያውን ቃኘች። ባዶ ሆኖ ያገኘችው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ተቀመጠች።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ንፍሮ ስታድል የነበረችው ልጅ እንኳ ሰፌዱን እንደያዘች ቀረች።

የባንክ ሠራተኛዋ የተቀመጠችው ከካህኑ በስተቀኝ ነበር። ማኅበሩ ከቤት ቤት የሚዞር በመሆኑ ወንበሩ አንድ ወር ሶፋ ነው፣ አንድ ወር ዱካ ነው፣ አንድ ወር ደግሞ ከጎረቤት የተዋሱት ፕላስቲክ። «ከካህኑ በስተቀኝ» የሚለው ግን አይዞርም፤ የእትዬ ነው። ማን እንደሰጣቸው የሚያስታውስ የለም፤ በማኅበሩ መዝገብም አልሰፈረም። እትዬ በዚያች ደቂቃ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጣ ብለው ነበር። ሲመለሱ ልጅቷን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ካህኑን አዩ።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ። እኔ ቆሜም እበላለሁ» አሉ።

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሁሉ ይህ ፈቃድ እንዳልሆነ ያውቃል። ልጅቷም ስለምታውቅ እሳት እንደነካው ሰው ተስፈንጥራ ተነሣች። እትዬ ግን አልተቀመጡም። ቆመው በሉ፣ ቆመው ጠላቸውን ጠጡ፣ «ኧረ ይቀመጡ» ያላቸውን ሁሉ ቆመው መረቁ። ከሰው እኩል የሆኑት በማሳረጊያው ጸሎት ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ሁሉም ቆመ።

የጽዋ ማኅበር አሠራሩ ቀላል ነው። ይህኛው አሥራ ሁለት አባላት አሉት፤ ጳጉሜን ሲቀር ወሩም አሥራ ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል። ባለ ተራው ዳቦውን ይደፋል፣ ጠላውን ይጠምቃል፣ ወጡን እንደ አቅሙ ይሠራል። ካህኑ ይባርካሉ፣ ጸበል ጻዲቁ ይታደላል፣ ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በእልልታ ለሚቀጥለው ተረካቢ ይሰጣል። ሥርዓቱን የሚያስከብሩት፣ የዘገየውንም የሚቀጡት ሰው ሙሴ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰው አዋቂ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሙሴም ሕዝቡን ባሕር ካሻገረ በኋላ አርባ ዓመት ሙሉ የሰማው ማጉረምረም ነው። ደመና እየመራቸው፣ መና እየወረደላቸው «የግብፅ ሽንኩርት አማረን» ብለውታል። የሰፈሩ ሙሴም በየወሩ ወጡ ሽንኩርት አነሰው የሚል አያጡም።

የሚገርመው ጠቡ የሚነሣበት ነገር ነው። በዚህ ማኅበር ታሪክ በምሥጢረ ሥላሴ የተጣላ ሰው የለም። በምሥጢረ ሥጋዌም የለም። የተጣሉት በጨው ነው፤ «ልጇን ስትድር ሳትጠራኝ» በሚል ነው፤ አንዱ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለተለጠፈ የኀዘን መርዶ የአውራ ጣት ምልክት በመላኩ ነው። በትልቁ ነገር ስለተስማሙ ለጠብ የተረፈው ትንሹ ነገር ብቻ ነው። አብረው የሚኖሩ ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ ይባላል። ምላስና ጥርስ ግን ቢያንስ ስለ መቀመጫ አይከራከሩም፤ ሁለቱም ቦታቸው የተተከለ ነው።

በወንበር መጣላትም የዚህ ሰፈር ፈጠራ አይደለም።

ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በጎልጎታው የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ ዴር ሱልጣን የሚባል ገዳም አለ። የኢትዮጵያ መነኮሳት ጠባብ የጭቃ ጎጆዎች ቀልሰው የሚኖሩበት ይህ ጣራ ከሥሩ ያለው የቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ነው። ኢትዮጵያውያኑ «የእኛ ነው» ይላሉ። ግብፃውያኑ ኮፕቶችም «የእኛ ነው» ይላሉ። ሁለቱ ደግሞ ባዕዳን አይደሉም። በ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶንን ጉባኤ ውሳኔ አንቀበልም ያለው ወገን ልጆች ናቸው፤ በሃይማኖት አንድ ናቸው፤ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ጳጳስ ከአንድ መንበር ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። ክርክራቸው በጣራው ነው።

ኮፕቶቹ መብታቸውን የሚያስታውሱት አንድ መነኩሴ ጣራው ላይ በወንበር እየተቀመጠ ነው። ሥራው መቀመጥ ነው። የሚቀመጥበትም ቦታ የታወቀ ነው። በሐምሌ 1994 ዓ.ም. በአንዱ ቀን ፀሐዩ ከረረ። የአዲስ አበባ ሐምሌ ጋቢ ያስደርባል፤ የኢየሩሳሌም ሐምሌ ግን አናት ይበሳል። መነኩሴው ተነሣና ወንበሩን ወደ ጥላው ጠጋ አደረገው።

የኢትዮጵያ መነኮሳት ያዩት ከፀሐይ የሸሸ ሰው አይደለም፤ የተገፋ ድንበር ነው። ቃል ቃልን ወለደ። ከዚያ ድንጋይ ተወረወረ፣ ብረት ተነሣ፣ ፖሊስ ደረሰ። ነገሩ ሲበርድ ከሁለቱም ወገን 11 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ነበር።

በአማርኛ የሚጠጣ ጠላ አለ፣ ጠላ የሚለው ግሥ አለ፣ ጥላም አለ። ማኅበር ባለበት ሦስቱም አይጠፉም።

የዴር ሱልጣን ነገር በዚያ ወንበር አልተጀመረም። በ1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት፣ ግብፃውያኑ ከታች በዋናው ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላይ ሳሉ፣ ኢትዮጵያውያኑ ከጣራው ወደ ታች የሚያወርዱትን የሁለቱን ጸሎት ቤቶች የበር ቁልፍ ቀየሩ። አንዱ ጸሎት ቤት የአርባዕቱ እንስሳ ነው፤ ሌላው የቅዱስ ሚካኤል። አዎ፣ የሚካኤል። ግብፃውያኑ ፍርድ ቤት ሄዱ። የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመጋቢት 1963 ዓ.ም. ቁልፉ ለኮፕቶች እንዲመለስ ፈረደ፤ የባለቤትነቱን ክርክር ግን መንግሥት እንዲመለከተው ጊዜ ሰጠ። መንግሥትም መመልከት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ቁልፉ ያለው ኢትዮጵያውያኑ ዘንድ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሳያስበው ፈገግ ብሎ ከሆነ የእትዬን ልብ በሚገባ ተረድቷል ማለት ነው።

ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የቆመ ሰው ቀና ቢል ከመግቢያው በላይ ካለው መስኮት ሥር አንዲት ትንሽ የእንጨት መሰላል ያያል። በ1728 እ.ኤ.አ. በተሠራ ሥዕል ላይም ትታያለች። ቤቱን ስድስት ወገኖች ይጋሩታል፦ ግሪኮች፣ ካቶሊኮች፣ አርመኖች፣ ኮፕቶች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን። የኦቶማኑ ሱልጣን በ1852 እ.ኤ.አ. ክርክሩ ቢሰለቸው «ሁሉም ባለበት ይቆይ» የሚል ትእዛዝ አወጣ። መሰላሏም ባለችበት ቆየች። መሰላል ማንሣት ማለት መስኮቱ የእኔ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ አይነሣም። የዋናው በር ቁልፍም ከስድስቱ በአንዳቸውም እጅ አይደለም። ጁዴህ የሚባል የሙስሊም ቤተሰብ ቁልፉን ይይዛል፣ ኑሴይባ የሚባለው ሌላው የሙስሊም ቤተሰብ በሩን ይከፍታል። ክርስቲያኖቹ ገብተው ይጸልያሉ።

ስለ ጥገናው ያለው ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። የጌታ መቃብር ያለበት ትንሹ ቤት እንዳይፈርስ እንግሊዞች በ1947 እ.ኤ.አ. በብረት ደገፉት። ብረቱ ለጊዜው የተደረገ ነበር። ባለድርሻዎቹ በእድሳቱ ተስማምተው ሥራው የተጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። «ለጊዜው» ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

እነዚሁ ሰዎች ግን መስማማት ያቅታቸዋል ማለት አይደለም። በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌም ማዘጋጃ ቤት የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት ግብር ሊያስከፍል ተነሣ። ግሪኩ፣ ካቶሊኩና አርመኑ ባንድ ቃል ሆነው ትልቁን በር ዘጉት። ሦስት ቀን አልሞላም፣ ማዘጋጃ ቤቱ እቅዱን አቆየው፣ በሩ ተከፈተ። መቶ ጉባኤ ያላመጣውን አንድነት የግብር ወረቀት አመጣው። የሰፈሩ ሙሴ ይህን ቢሰሙ ቅጣቱን በእጥፍ ያሳድጉት ነበር።

ወንበር በአማርኛ እንጨት ብቻ አይደለም። ዳኛ የሚሰየምበት ወንበር ነው። የቅኔ መምህር «ወንበር ዘረጋ» ሲባል ዕቃ ገዛ ማለት አይደለም፤ ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። ጳጳስ ሲሆን ደግሞ ቃሉ በግእዝ ይከብርና መንበር ይሆናል። ከእነዚህ መናብርት አንዱ፣ የእስክንድርያው የማርቆስ መንበር፣ ራሱ ከጠብ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

ማርቆስ ወጣት ሳለ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጥቶ ጵንፍልያ ላይ ትቷቸው ተመለሰ። ለሁለተኛው ጉዞ ሲነሡ በርናባስ «ማርቆስን እንውሰድ» አለ። ጳውሎስ «ያኔ ጥሎን የሄደውን?» አለ። ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው፤ አብረው ሰብከዋል፣ አብረው ተሰደዋል። በአንድ ወጣት ተለያዩ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወደ ሶርያ። የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ ይህን አለመደበቁ ደግ አደረገ። ጳውሎስ በኋላ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ይጠቅመኛል ይላል። በመሐል ማን እንዳስታረቃቸው አልተጻፈም። ምናልባት አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ሙሴ ነበር።

በዚያ ወጣት ስም ከተጠራው መንበር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ ስትቀበል ኖረች፤ በዚያ ዓመት አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ። ከዚያ ደግሞ ጠቡ የቤት ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው በስደት አሜሪካ፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተወጋግዞ ቆየ። በዋሽንግተን አካባቢ አዲስ የመጣ ስደተኛ ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚመለስለት ጥያቄ «የትኛው?» የሚል ነበር፤ የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደቱ፣ ወይስ ገለልተኛው? ገለልተኛ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር ለአያቶቹ ቢነገር ኖሮ መስቀል ይሳለሙ ወይም ያማትቡ ግራ ይገባቸው ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚያው ዋሽንግተን እርቅ ወረደ። በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እርሳቸው በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር፣ ሁለት ፓትርያርክ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጡ። ለወንበር ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች ሁሉ ቀላሉ ሁለተኛ ወንበር ማምጣት ነው። የሰፈሩ ማኅበር ግን ይህን አላሰበውም፤ ካህኑ ቀኝ ያላቸው አንድ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ሲሰማ ወንጌላዊ አማኝ የሆነ ጎረቤት «እኛ ጋ ጽዋም መንበርም የለ» ብሎ ይጽናና ይሆናል። አይቸኩል። በቤት ኅብረቱ ወንበሩ ሁሉ እኩል በሆነ ክብ ይደረደራል፤ ማንም የማንም ቀኝ አይደለም። ጠቡ ግን መንገድ አያጣም። የኪቦርዱ ድምፅ በዛ የሚል አለ፤ አርባ ደቂቃ የሚጸልይ ወንድም አለ፤ ወጡ ምድጃ ላይ የቀረባት ባለቤት በየ«አሜን»ኑ ዐይኗን ገልጣ ወደ ጓዳ ታያለች። ሐሜቱ ደግሞ የጸሎት ርዕስ ሆኖ ነው የሚመጣው። «እህታችን ላይ የደረሰውን ሰማችሁ? ለወሬ አይደለም፤ እንድንጸልይላት ነው።» ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይቀርባል፤ እግዚአብሔር የማያውቀው ነገር ያለ ይመስል ስም፣ ሰፈርና ቀን ሳይቀር። የጽዋው ማኅበር ለዚህ የራሱ መክፈቻ አለው፦ «እግዜር ይቅር ይበለኝና…»። ወንድም ወንድሙን ሲገሥጽ ደግሞ «በፍቅር ልንገርህ» ይላል። ይህን የሰማ ሰው ወንበሩን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

ኪቦርድ የማያጣላበት ዘመንም ነበር። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመናኑ 5,000 ያህል ነበሩ። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ የቀሩት በጣት እየተቆጠሩ በየቤቱ መገናኘት ጀመሩ። መጋረጃ ይጋረዳል፣ ዝማሬው ዝግ ብሎ ይዘመራል፣ አንዱ በር ላይ ሆኖ የሚመጣውን ያያል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ማን የት ተቀመጠ የሚል ክርክር አይነሣም፤ ሁሉም የሚፈልገው ከመስኮት የራቀውን ነው። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። የኪቦርዱ ጠብ የመጣው ከነጻነቱ ጋር ነው። ይህን ያለ ሰው ደርግ ይመለስ ማለቱ አይደለም።

ፍቅራቸው የሚነገርላቸውን የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች ለምሳሌ የሚጠራ ሰውም ተጠንቅቆ ይጥራ። ቆሮንቶስ ላይ አብረው ሊበሉ ሲሰበሰቡ ቀድሞ የደረሰው የራሱን ይበላ ነበር፤ አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይሰክራል። ጳውሎስ የጻፈላቸው ተቆጥቶ ነው። ፊልጵስዩስ ላይ ደግሞ ኤዎድያና ሲንጤኪ የሚባሉ ሁለት እኅቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ለወንጌል የደከሙ፣ እርስ በርስ ግን ያልተስማሙ። በምን እንደተጣሉ ጳውሎስ አልጻፈም። ብቻ ስማቸውን ጠርቶ ተስማሙ አላቸው፤ ደብዳቤውም በጉባኤ ተነበበ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም ይነበባል። በማኅበር መዝገብ «ተቀጥተዋል» ተብሎ መጻፍ ከዚህ አንጻር ምሕረት ነው።

ሊጣሉ ፈልገው ያልተሳካላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የበረሃ አባቶች ታሪክ ስለ ሁለት አረጋውያን መነኮሳት ይናገራል። ብዙ ዘመን በአንድ በአት ሲኖሩ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም። አንዱ «እስቲ እንደ ሰው እኛም እንጣላ» አለ። ሌላው እንዴት እንደሚጣሉ አላወቀም። «ይኸውልህ፣ ይህን ጡብ በመካከላችን አስቀምጬ የእኔ ነው እላለሁ፤ አንተም የለም፣ የእኔ ነው ትላለህ» አለው። ጡቡ ተቀመጠ። «የእኔ ነው» አለ አንዱ። «የለም፣ የእኔ ነው» አለ ሌላው። «እንግዲያስ ያንተ ከሆነ ውሰደው።» ጠቡ እዚህ ላይ አለቀ። ያን ጡብ ዴር ሱልጣን ጣራ ላይ አስቀምጦ የሚሆነውን ማየት ነበር።

እትዬም ወደዚያ ጡብ የሚቀርቡ አልሆኑም። መጋቢት 12 ታመምኩ ብለው ቀሩ፤ በማግስቱ ገበያ ታዩ። ሚያዝያ 12 መጡና በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ከካህኑ በስተቀኝ ያለው ወንበር ቀኑን ሙሉ ባዶውን ዋለ። ሊቀመጥበት የደፈረ የለም። እንደዚያች መሰላል ሆነ። ልጅቷ ሰላም ስትላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ወደ ግድግዳው ነው።

ሙሴው ሌሊት እንቅልፍ የነሣቸው የመዝገቡ ተራ ነው። የግንቦት ባለ ጽዋ ልጅቷ ናት። የሰኔ ተረካቢ እትዬ። ግንቦት 12 ቀን ጽዋው ከልጅቷ እጅ ወደ እትዬ እጅ መተላለፍ አለበት፤ በማኅበሩ ደንብ ደግሞ የተቀያየሙ ሰዎች ሳይታረቁ ጽዋ አይቀባበሉም። አሥራ ሁለት ሰው በአሥራ ሁለት ወር ሲዞር እንዲህ ነው። ያኮረፍከው ሰው ዞሮ ዞሮ ቤትህ ይመጣል፣ አለዚያም አንተ ቤቱ ትሄዳለህ፣ ዳቦውንም ትበላለህ።

ሙሴው በመጀመሪያ እትዬ ዘንድ ሄዱ። «እኔ? ከማን ጋር? እኔ ከማንም አልተጣላሁ» አሉ እትዬ። ልጅቷ ዘንድ ሄዱ። «እኔ ምን አደረግሁ? ባዶ ወንበር አይቼ ተቀመጥኩ» አለች። ሙሴው ተመልሰው እትዬ ዘንድ መጡና «ሁለታችሁም ካልተጣላችሁ እኔ ማንን ላስታርቅ?» ብለው ቡና እስኪፈላ ድረስ ዝም አሉ።

ነገሩ የወጣው በሁለተኛው ቡና ላይ ነው። ሙሴው በእትዬ ቀኝ ተቀምጠው ሲያወሩ እትዬ «አቤት?» ይላሉ። ደግመው ሲናገሩ «አቤት?» ይላሉ። ሙሴው ስኒያቸውን ይዘው ተነሡና በግራቸው ተቀመጡ። «አቤት» ቀረ።

የቀኝ ጆሯቸው መስማት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ለሰው አልተናገሩም፤ «ደንቆሮ ሊሉኝ ነው?» ነበር መልሳቸው። ከካህኑ በስተቀኝ ሲቀመጡ ካህኑ በግራቸው ይሆናሉ። ከዚያ ወንበር ሲርቁ ስብከቱ አይሰማቸውም፣ ተራ ሲጠራም አይሰማቸውም። ዘጠኝ ሰው «እትዬ ኩሩ ናቸው» እያለ ያማቸው በነበረባቸው ዓመታት እሳቸው ያን ሐሜት እንኳ አልሰሙትም። አንዱን ቃል አምጥቶ በግራ ጆሯቸው የነገራቸው ግን አልጠፋም፤ መቼም ማኅበር ነው።

ግንቦት 12 ቀን ጽዋውን ተቀባበሉ። ልጅቷ በግራቸው በኩል መጣች። ሙሴው የነገሯት እንደሆነ አልተናገረችም፤ እትዬም አልጠየቁም። እልልታው ደመቅ ብሎ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ እንግዳው ብዙ ነው። እትዬ ወንበር እንዳያንስ ብለው ከዕድሩ አርባ የፕላስቲክ ወንበር አስመጡ፤ ሁሉም አንድ ቀለም፣ ሁሉም አንድ ልክ። ከካህኑ በስተቀኝ ያለው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አለበሱበት። ማን ሊቀመጥበት እንደሆነ ያወቀ ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

ጠዋት በሁለት ሰዓት እንጀራ ማቅረብ ጀመሩ። ከዚያ ጠላ፣ ከዚያ ንፍሮ፣ ከዚያ ሳይጠራ የመጣ የጎረቤት ልጅ፣ ከዚያ ወጥ ያልደረሰው አዛውንት። ልጅቷ ነጠላዋን አሸርጣ ትሪ ተሸክማ ከኋላቸው ትከተላለች፤ የጎደለውን ስትነግራቸው በግራቸው ዞራ ነው። ባለ ጽዋ በድግሷ ቀን አትቀመጥም። እትዬም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ለአፍታ እንኳ አልተቀመጡም። ጨርቅ የለበሰው ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የዋሉት ሙሴው ናቸው። ሐምሌ 12 ቀን አስነሥተዋቸዋል።